አሚኖችና ነፃው የኤሌክትሮን ጥንድ

የባሕር ዓሣ ሲሰነብት የሚሸተው በዋናነት ትራይሜታይልአሚን በሚባል ውህድ ምክንያት ነው። ሎሚ ሲጨመቅበት ሽታው ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሎሚው መዓዛ ሽታውን የሸፈነው ይመስለዋል። እውነቱ ግን የሎሚው አሲድ አሚኑን ወደ ጨው ይለውጠዋል፤ ጨዉ ስለማይተን አፍንጫችን ዘንድ አይደርስም። ይህ ለምን እንደሚሆን የገባው ተማሪ ከአሚኖች ኬሚስትሪ ትልቁን ድርሻ ይዟል ብዬ አምናለሁ።

አሚን የሚባለው ከአሞኒያ ሦስት ሃይድሮጅኖች አንዱ፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱም በካርቦን ቡድን ሲተኩ የሚገኝ ውህድ ነው። ናይትሮጅን ለትስስር የሚያውላቸው አምስት ኤሌክትሮኖች አሉት። ሦስቱን ለሦስት ትስስሮች ይሰጣል፤ ሁለቱ ተጣምረው እሱው ዘንድ ይቀራሉ። ዓይናችንን ከዚህ ጥንድ ላይ አንንቀል።

አሲድ ፕሮቶን ይዞ ሲመጣ ጥንዱ ይቀበለዋል፤ አሚን ቤዝ የሆነውም በዚሁ ነው። የሚገኘው ጨው ውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ መድኃኒት ሠሪዎች በጣም ይጠቀሙበታል። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ካርቶኑ ላይ «ሃይድሮክሎራይድ» የሚል ቃል የሚከተለው አሚኑ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ጨው ስለሆነ ነው። እንዲህ ባለ ጨው ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብንጨምር ፕሮቶኑ ይነጠቅና አሚኑ ይመለሳል።

የቤዝነታቸው ጉልበት ግን እኩል አይደለም። በሜታይልአሚን ውስጥ የሜታይል ቡድኑ ኤሌክትሮን ወደ ናይትሮጅኑ ስለሚገፋ ውህዱ ከአሞኒያ የበረታ ቤዝ ነው። በአኒሊን ግን ጥንዱ ወደ ቤንዜን ቀለበቱ ይሳባል፤ ለፕሮቶን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ አኒሊን ከሜታይልአሚን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል የደከመ ቤዝ ነው።

ነጥበ ፍሌትም ከዚሁ ጥንድ ጋር የተያያዘ ነው። ፕሮፓይልአሚንና ትራይሜታይልአሚን የአቶሞቻቸው ዓይነትና ቁጥር አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ግን በ48 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሁለተኛው በ3 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፕሮፓይልአሚን ናይትሮጅኑ ላይ ያለው ሃይድሮጅን የጎረቤት ሞለኪውልን ጥንድ ይይዛል፤ ትራይሜታይልአሚን ናይትሮጅኑ ላይ ሃይድሮጅን የለውም።

ጥንዱ ካርቦንንም ያጠቃል። አሚን ከአልካይል ሃላይድ ጋር ሲገናኝ አዲስ አሚን ይወጣል፤ አዲሱም ጥንድ ስላለው አጸግብሮቱ ይቀጥላል፣ ዕቃው ውስጥም የተደባለቀ ምርት ይገኛል። ከአሲድ ክሎራይድ ጋር ሲሆን ግን አማይድ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም የአማይዱ ጥንድ በአጠገቡ ባለው ካርቦኒል ይያዛል። በሰውነታችን ፕሮቲኖች ውስጥ አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው ትስስርም አማይድ ነው።

ከሁሉ የምወደው አኒሊን ከናይትረስ አሲድ ጋር ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ሲዋሐድ የሚሆነውን ነው። የሚገኘው የዳያዞኒየም ጨው ከፌኖል ጋር ሲገናኝ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ይሰጣል፤ በርካታ የጨርቅ ማቅለሚያዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ግን ጨዉ ይበተናል፣ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሲደርቅ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ላቦራቶሪ የምትገቡ ተማሪዎች ከበረዶው ሳታርቁ፣ ውሃ ውስጥ እንደሟሟ ወዲያው ተጠቀሙበት፤ አታድርቁት።