መድረክ ላይ ማስቀመጥና ማናገር

ባለፈው ወር በግቢያችን ስለ ቤት ሠራተኞች ደመወዝና መብት አንድ የውይይት ስብሰባ ተደርጎ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ የቆመው ሰው ከተቀመጠው አያንስም ነበር። በመድረኩ ላይ አንድ የሕግ ዐዋቂ፤ አንድ የኢኮኖሚ መምህር፤ አንድ የመሥሪያ ቤት ኀላፊና አንድ ተማሪ ተቀመጡ። አራቱም ወንዶች ናቸው። በሦስተኛው ረድፍ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፏን በዚሁ ጉዳይ ላይ የጻፈች፤ የማታ ትምህርት ቤት በር ላይ እየቆመች ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ያነጋገረች እኅታችን ነበረች። እጇን ሦስት ጊዜ አነሣች፤ ያያት የለም። ስብሰባው ሲበተን ደብተሯን ዘግታ ወጣች። የተናጋሪዎቹን ስም ዝርዝር ካወጡት ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ስለ ሆንሁ፤ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም።

ዝርዝሩ እንዴት እንደ ወጣ ልንገራችሁ። ሦስታችን ሻይ ቤት ተቀምጠን «ማንን እናውቃለን?» ተባባልን። «ነገሩን ማን ያውቀዋል?» ብለን ግን አልተጠያየቅንም። ሻያችን ሳይበርድ አራት ስም ሞላ። ክፋት አልነበረበትም። እንዲህ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ያለ ክፋት ነው፤ ለማረም የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው።

ክፋት የሌለበት ሰው፤ እንዲያውም በደልን ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሰው እንዴት እዚህ ስሕተት ላይ እንደሚወድቅ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምሰጠው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።) ኦገስት 28 ቀን 1963 በዋሽንግተን ከተማ 250,000 ያህል ሰው ለሥራና ለነጻነት ሰልፍ ወጣ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ያን ስመ ጥር ንግግራቸውን ያደረጉበት ቀን ነው። ከአዘጋጆቹ መካከል ወይዘሮ አና አርኖልድ ሄጅመን ነበሩ፤ በአስተዳደሩ ኮሚቴ ውስጥም ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ። መርሐ ግብሩ ሲወጣ ከዋናዎቹ ተናጋሪዎች መካከል አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም። ወይዘሮ ሄጅመን ለሰልፉ መሪ ለሚስተር ፊሊፕ ራንዶልፍ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት መሪ የነበሩት ወይዘሪት ዶረቲ ሃይት በኋላ እንደ ተረኩት፤ አዘጋጆቹ የሰጡት ምክንያት ሴቶች በየማኅበሩ አባል ስለ ሆኑ እንደ ተወከሉ ይቈጠራሉ የሚል ነበር። ለዜማውማ ማሄሊያ ጃክሰን አለች!

በመጨረሻ የተገኘው ለታጋይ ሴቶች ምስጋና የሚሰጥበት አጭር ጊዜ ነበር። በ1957 በሊትል ሮክ ከተማ ጥቁሮቹን ተማሪዎች ለትምህርት ቤት ያበቁት ወይዘሮ ዴዚ ቤትስ ጥቂት ዐረፍተ ነገር ተናግረው ተቀመጡ። ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ስማቸው ተጠርቶ ተጨበጨበላቸው፤ ዲስኩር ግን አላደረጉም። ወይዘሪት ሃይት መድረኩ ላይ ነበሩ፤ አልተናገሩም። ከሩቅ ለሚያይ ሰው መድረኩ ላይ ሴቶች ነበሩ፤ ፎቶግራፉም ይመሰክራል።

ከሰልፉ ሁለት ቀን በፊት ደግሞ ሚስተር ራንዶልፍ በብሔራዊው የጋዜጠኞች ክበብ ንግግር አደረጉ። ክበቡ ሴቶችን በአባልነት አይቀበልም ነበር፤ ሴት ጋዜጠኞች ምሳ ሳይቀርብላቸው ከሰገነት ላይ ሆነው ብቻ ነበር የሚያዳምጡት። የሕግ ባለሙያዋ ፓውሊ መሪ ይህን በጽሑፍ ተቃወሙ፤ በአውቶቡስ ከኋላ መቀመጥን የሚቃወም ሰው የሰገነቱ ነገር እንዴት ይጠፋዋል ማለታቸው ነው። ሚስተር ራንዶልፍ በባቡር ለሚሠሩ ጥቁሮች ማኅበር ከ1925 ጀምሮ የታገሉ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ንግግሩን አልተዉትም። ክበቡ ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1971 ነው።

እንግዲህ ቅን ልብ ብቻውን የማይበቃ ከሆነ ሥርዐት ያስፈልጋል ማለት ነው። ካዛዴቫልና ሃንደልስማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ2014 ያወጡት ጥናት አለ። የአሜሪካ ማይክሮባዮሎጂ ማኅበር ባደረጋቸው ጉባኤዎች 460 ስብሰባዎችንና 1,845 ተናጋሪዎችን ቈጥረው፤ አዘጋጆቹ ወንዶች ብቻ በሆኑበት ከተናጋሪዎቹ ከመቶ 25 ያህሉ፤ ከአዘጋጆቹ ቢያንስ አንዲት ሴት ባለችበት ግን ከመቶ 43 ያህሉ ሴቶች መሆናቸውን አገኙ። ነገሩ የሚቈረጠው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ሻይ ቤቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። አንባቢ «ወይዘሮ ሄጅመንስ በኮሚቴው ነበሩ፤ ምን ፈየዱ?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን ይረታል። ዳሩ ግን እሳቸው ባይኖሩ ያችን አጭር ጊዜ የሚጠይቅም አይገኝም ነበር።

ስለ ጥያቄ ሰዓት ደግሞ በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት አለ፤ በ10 አገሮች ወደ 250 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮች ታይተው፤ አንድ ጥያቄ ከሴት ይልቅ በወንድ የመጠየቁ ዕድል ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ሲጠይቅ የሴቶቹ ጥያቄ ይብሱን ይቀንሳል። የእኛ ሰብሳቢ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥያቄዎች ለፊተኛው ረድፍ ወንዶች ሰጥቶ «ሰዓት አልቋል» አለ። የመጀመሪያውን ዕድል ለዚያች ልጅ ለመስጠት የሚጠይቀው ዋጋ ምን ነበር? ዐይንን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ማንሣት ብቻ።

«ችሎታ እንጂ ጾታ አይታይም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔም እንደዚያ ባይ ነበርሁ። ነገር ግን ዝርዝራችን መቼ በችሎታ ወጣ? አራተኛው ተናጋሪ የተመረጠው በአንድ ክፍል አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ ስለ ሆነ ነው። (ይቅርታ ያድርግልኝ፤ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ስለ ቤት ሠራተኛ ግን የሚያውቀው እኔ የማውቀውን ያህል ነው።)

ነገሩ የጾታ ብቻም አይደለም። ስብሰባው የተደረገው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምንነጋገርባቸው ሠራተኞች ቢመጡ ኖሮ ስለ ራሳቸው የተባለውን አይሰሙም ነበር። ሰዓቱ ምሽት ነው፤ ከግቢ ውጭ የሚኖሩት እኅቶቻችን ታክሲ ሳይጠፋ ለመግባት ከመካከል ተነሥተው ሄዱ። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጓደኛችን ደረጃው ሥር ቀረ። የኢኮኖሚ መምህሩ በግድግዳው ላይ ያሳዩትን ሠንጠረዥ ማንም አላነበበውምና፤ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች «ይኸኛው ከዚያኛው ይበልጣል» ሲባል ብቻ ሰሙ። ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ አዘጋጁ ስንባል ይህንኑ ልማድ ይዘን እንዳንገባ እፈራለሁ።

ወደዚያች እኅታችን ሄጄ ሁለተኛ ስብሰባ ልናደርግ ነውና ተናገሪ አልኋት። ወዲያው እሺ አላለችም። «የሴቶቹን ወንበር ለመሙላት ከሆነ ይቅርብኝ» አለችኝ። ቀጥላም ያነጋገረቻቸው ሁለት ሠራተኞች አብረዋት እንዲቀመጡ፤ ንግግሩ በአማርኛ እንዲሆን፤ የመጓጓዣቸውም ገንዘብ አስቀድሞ እንዲሰጣቸው ጠየቀች። ኮሚቴው በመጓጓዣው ገንዘብ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክሮ ተቀበለ። ስብሰባው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት በምድር ቤቱ አዳራሽ ነው፤ ሁለቱ ሠራተኞች ዕረፍት የሚያገኙት በዚያ ሰዓት ብቻ ነው።