ብርሃን የሚያልፍበት ሥዕል

በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ። (ወላጆች፣ ይህችን ልብ በሉልኝ!) በሸራም ብቻ አልተወሰኑም። ለሐረር የራስ መኮንንን ሐውልት ሠሩ፤ መኖሪያቸውን ቪላ አልፋን ራሳቸው ነደፉ።

ደስታቸው ከሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት ላይ ነው። ተማሪዎች፣ ልዩነቱን አስተውሉ፦ ሸራ የሚታየው ብርሃን ሲያርፍበት፣ መስታወት ግን ብርሃን ሲያልፍበት ነው። ስለዚህ ያው ሥዕል በጠዋትና በማታ ይለያያል፤ አዳራሹም ቀለም ይለብሳል።

የጁባ ፀሐይ ለዚህ አታንስም። ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ላስቲክ በክፍላችሁ መስኮት ላይ ለጥፉና ጠዋት ሁለት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወለሉን ተመልከቱ።