አምስት ባለቤት ያለው ባሕር፦ ምክር ለጀማሪዋ የውኃ ባለሙያ

ልጄ፣ የውኃ ሥራ ጀምረሽ ከጎረቤት አገር ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ልትቀመጪ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ልብሽ ቀና ነው፤ ችኮላሽንም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ስለ ካስፒያን ባሕር ልንገርሽ። ሩሲያ፣ ካዛኪስታን፣ ቱርክሜኒስታን፣ ኢራንና አዘርባጃን ከበውታል። ወደ ውቅያኖስ መውጫ ስለሌለው የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። የጋራ ውኃን ጠባይ ከእርሱ የተሻለ የሚያስተምር አላገኘሁም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅስልሽ።

1. «የማን ነው» የሚለው ክርክር እስኪያልቅ ጥበቃውን አታቆዪ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ሲፈርስ የካስፒያን ባለቤቶች ከሁለት ወደ አምስት ከፍ አሉ። ከሥሩ ነዳጅና ጋዝ ስላለ ክፍፍሉ ብዙ አጨቃጨቀ፤ የባሕሩን ሕጋዊ ይዞታ የሚወስነው ስምምነት የተፈረመው በ2018 አክታው ከተማ ላይ ነው፤ እርሱም የባሕሩን ወለል ክፍፍል ሙሉ በሙሉ አልጨረሰውም። አካባቢውን ለመጠበቅ የተስማሙት ግን ከዚያ 15 ዓመት ቀድመው፣ በ2003 ቴህራን ላይ ነበር። ድንበሩ ሳይሰመር ለውኃው መፈረማቸውን እኔ እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ። «መጀመሪያ ድንበሩ ይለይ» የሚል ሲያጋጥምሽ፣ ዓሣው እስከዚያ ምን ይሁን ብለሽ በአክብሮት ጠይቂው።

2. ወንዙን ሳታዪ ስለ ባሕሩ አትናገሪ። ወደ ካስፒያን ከሚገባው የወንዝ ውኃ 80 በመቶ ያህሉን የምታመጣው ቮልጋ ናት። የሩሲያ ከተሞችና ፋብሪካዎች ፍሳሽ፣ የእርሻውም ማዳበሪያ በእርሷ በኩል ይወርዳል። በኢራን ዳርቻ መረብ የሚጥለው ሰው እንጀራው አይቶት በማያውቀው ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ስታነቢ ኦሞን አስቢ። ቱርካና ሐይቅም መውጫ የለውም፤ አብዛኛው ውኃው የሚመጣው ከእኛው ኦሞ ነው፤ ሐይቁ ግን ከጥቂቱ በቀር ኬንያ ውስጥ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ከላይ ያለነው እኛ ነን። ከላይ ያለ ሰው ሳይጠየቅ ቢናገር ይከበራል፤ አንዴ ከደበቀ ግን እውነት በተናገረ ቀን እንኳ የሚያምነው አያገኝም።

3. በእንስሳው ዕድሜ ቁጠሪ እንጂ በበጀት ዓመት አትቁጠሪ። የስተርጅን ዓሣ ዕንቁላል ካቪያር ተብሎ እጅግ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ከስተርጅን ወገን ትልቋ ቤሉጋ ናት፤ ሴቷ ዕንቁላል ለመጣል እስክትደርስ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል፤ ከዚያ ወዲያም በየዓመቱ አትጥልም። የምትጥለው ደግሞ ወደ ወንዝ ወጥታ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቮልጎግራድ ላይ የተሠራው ግድብ መንገዷን ዘጋባት። ሶቪየት ሲፈርስ ጥበቃው ላላ፣ ሕገወጥ አጥማጁ በዛ። ያን ሁሉ ዓመት ያደገች ዓሣ በአንድ ጠዋት ሆዷ ተቀዶ ዕንቁላሏ ይወሰዳል። በ1998 የስተርጅን ንግድ ሁሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ፤ በ2014 ደግሞ አምስቱ አገሮች የባሕሩን ሕይወታዊ ሀብት ለመጠበቅ አስትራካን ላይ ተስማሙ። ቤሉጋ ግን ዛሬም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወገን ናት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ይዘው ሲመጡልሽ፣ ያቺ ዓሣ በሦስት ዓመት የት ትደርሳለች ብለሽ ጠይቂ።

4. ሳትለኪ አትገድቢ። ይህን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ከባሕሩ በስተምሥራቅ ካራ ቦጋዝ ጎል የሚባል ጥልቀት የሌለው ባሕረ ሰላጤ አለ። የካስፒያን ውኃ በጠባብ መተላለፊያ ይገባበትና በበረሃው ፀሐይ ይተናል፤ ጨው ይቀራል። ከ1929 እስከ 1977 ባሕሩ 3 ሜትር ገደማ ወርዶ ስለነበር የሶቪየት ባለሥልጣናት ውኃችንን የሚጨርሰው ይህ ነው ብለው በ1980 መተላለፊያውን በግድብ ደፈኑት። ባሕሩ ግን ከ1978 ጀምሮ በራሱ ጊዜ ከፍ እያለ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ባሕረ ሰላጤው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረቀ፤ ነፋሱም ጨዉን እያነሣ ይበትነው ጀመር። ካስፒያን በበኩሉ እስከ 1995 ድረስ 2 ሜትር ተኩል ያህል ጨምሮ የዳርቻ መንደሮችን አጥለቀለቀ። ግድቡ በ1992 ፈረሰ። የሠሩት ሰዎች ዕውቀት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ትዕግሥት ነው። ዛሬ ደግሞ አየሩ እየሞቀ ትነቱ ስለበዛ ባሕሩ እንደገና እየወረደ ነው፤ በ2020 የታተመ ጥናት በዚህ መቶ ዘመን መጨረሻ ከ9 እስከ 18 ሜትር ሊወርድ ይችላል ብሏል። የሰሜኑ ክፍል ጥልቀት በአማካይ ከ5 ወይም 6 ሜትር ስለማይበልጥ፣ ያ ከሆነ አብዛኛው የብስ ይሆናል ማለት ነው። ፈጣን መፍትሔ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ልኬቱን ሳያሳይሽ እንዳትፈርሚለት።

5. እንግዳውን ፍጥረት በር ላይ ያዢው። መርከብ ባዶውን ሲሄድ ሚዛኑን ለመጠበቅ ውኃ ይጭናል፤ በደረሰበትም ይደፋዋል። ኔሚዮፕሲስ የምትባል መስተዋት የመሰለች ዝልግልግ ፍጥረት ከአሜሪካ ዳርቻ በዚህ መንገድ በ1980ዎቹ ጥቁር ባሕር ገባች። ከዚያም የዶን ወንዝንና ቮልጋን በሚያገናኘው ቦይ በኩል አልፋ በ1999 ካስፒያን ውስጥ ታየች። ኪልካ የምትባለው ትንሽ ዓሣ የምትመገባቸውን ጥቃቅን ፍጥረታት ስለጨረሰችባት የኪልካ አጥማጁ ኑሮ ተናጋ። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ስለምታውቂ ብዙ አልልሽም።

6. ከጎረቤቶችሽ ጋር በአንድ መለኪያ ለኩ። የካስፒያን አቆስጣ በብርዱ ወራት ግልገሏን በሰሜኑ በረዶ ላይ ትወልዳለች፤ በረዶው ከሩሲያ ወደ ካዛኪስታን የተዘረጋ ነው፤ ስለዚህ አንዱ አገር ብቻውን ቢቆጥር ቁጥሩ ጎዶሎ ነው። በ2022 መጨረሻ ወደ 2,500 የሚሆኑ የአቆስጣ ሬሳዎች በሩሲያዋ ዳግስታን ዳርቻ ላይ ሲገኙ ሁሉም ምክንያቱን ጠየቀ። እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከዚያ በፊት በተከማቸ መዝገብ ነው። አንቺም ናሙና ስትወስጂ ጠርሙሱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ጥልቀቱን እዚያው ጀልባዋ ላይ ሆነሽ ጻፊ፤ ቢሮ ስደርስ አትበዪ። እርጥብ ጠርሙስ ላይ የማይለቅ እስክሪብቶ ያዢ። የጎረቤትሽ ላቦራቶሪ በሌላ ዘዴ የሚመረምር ከሆነ፣ ከአንድ ባልዲ የተቀዳ ውኃ ለሁለት ተካፈሉና ውጤታችሁን አስተያዩ። ከብዙ የስብሰባ ንግግር ይልቅ ይህ መተማመንን ሲያመጣ አይቻለሁ።

7. ፊርማውን እንደ ሥራ አትቁጠሪው። የቴህራኑ ስምምነት በ2006 ቢጸናም፣ አምስቱ በቋሚ መቀመጫው ሳይስማሙ ቀርተው ጽሕፈት ቤቱ ለብዙ ዓመታት በጊዜያዊነት ጄኔቫ ተቀመጠ። ነዳጅ ቢፈስ በጋራ ለመከላከል በ2011 የተፈረመው ፕሮቶኮል የጸናው በ2016 ነው፤ ባሕሩ ላይ የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሩ ግን አንድ ቀንም አልቆመም። ስለዚህ ከስብሰባ ከመነሣትሽ በፊት ማን ምን እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ፣ ገንዘቡስ ከየት እንደሆነ በቃለ ጉባኤው አስጽፊ። ከማዶ ያለውን የአቻሽን ስልክ ያዢ፤ የአለቃውን ብቻ ሳይሆን በሌሊት ተረኛ የሚሆነውንም። በየሦስት ወሩ ደውለሽ ቁጥሩ እንደሚሠራ አረጋግጪ፤ ሰው ተቀይሮ ከሆነም አዲሱን በስሙ ተዋወቂው።