ከሐርጌሳ አቧራ እስከ በርበራ ሙቀት፦ የጭነት ፋይል ዕቃዎች አመራረጥ

ለምሳሌ ያህል፣ በሐርጌሳ አሕመድ ዳጋህ ወረዳ ቢሮ ያለው አንድ ነጋዴ 500 በጎች በርበራ ኳራንታይን ጣቢያ ደርሰውለታል እንበል። የጤና ምስክር ወረቀታቸው ግን ከሌላ ጭነት ወረቀት ጋር ተቀላቅሏል። ፍለጋው 3 ቀን ቢፈጅና የአንድ በግ መኖና ውሃ በቀን 0.30 ዶላር ቢሆን፣ ተጨማሪው ወጪ 450 ዶላር ይሆናል። መርከቡ ካመለጠ ደግሞ ኪሳራው ከዚህም ይብሳል።

ወረቀቱ ለምን ይከብዳል?

ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ስጋት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ በሚጫኑ እንስሳት ላይ በ1998፣ ዳግምም በመስከረም 2000 (እ.ኤ.አ.) ዕገዳ ጥላ ነበር። በርበራ ዳግም ወደ ሳዑዲ የጫነችው በ2009 ነው። የበሽታ ጥርጣሬ ሲነሳ ገዢው የሚጠይቀው እንስሳው ከየት እንደመጣና መቼ እንደተመረመረ ነው። ነጋዴው መልሱን የሚያገኘው ከፋይሉ ነው።

አንድ ጭነት፣ አንድ ፋይል

ብዙዎች ደረሰኝን ከደረሰኝ፣ የጤና ወረቀትን ከጤና ወረቀት ጋር ያስቀምጣሉ። ጭነት ሲያዝ ግን አምስት ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል። በሻጭ ስም መለየትም አያዋጣም፤ አንዱ ስም በአማርኛ፣ በሶማልኛና በዓረብኛ ሦስት ዓይነት ይጻፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭነት ቁጥር ይሰጠው። የግዢ ደረሰኝ፣ የጤና ምስክር፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ የመኪና ውል፣ የኳራንታይን ውጤትና ክፍያ በዚህ ቅደም ተከተል አብረው ይቀመጡ።

የዕቃ ምርጫ

- ቦክስ ፋይል፦ ክዳን ያለው ወፍራም ካርቶን አቧራን ይከላከላል። በውስጡ ለእያንዳንዱ ጭነት አንድ ስስ የካርቶን ማህደር ይበቃል።
- ፕላስቲክ ማህደር፦ ለመንገድ ጥሩ ነው። ለረጅም ጊዜ ግን ለስላሳው ፕላስቲክ በሙቀት የፎቶኮፒ ቀለም ይለጥፋል፤ ወረቀቱ ሲነሳ ጽሑፉ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል።
- አግራፍና ላስቲክ፦ የባሕር አየር ብረቱን ያዝገዋል፤ ላስቲክም በሙቀት ይደርቅና ይጣበቃል። ወረቀቱን በስቶ በክር ማሰር ይሻላል።
- መለያ፦ የስቲከር ማጣበቂያ በአቧራና በሙቀት ይለቃል። በማይለቅ ማርከር ካርቶኑ ላይ በቀጥታ መጻፍ ርካሽም አስተማማኝም ነው።
- የማሽን ደረሰኝ፦ ሙቀት የሚያትመው ለስላሳ ወረቀት በሙቀት ይጠፋል። በተሰጠበት ዕለት ፎቶኮፒ ይደረግ።

መለያው ላይ ምን ይጻፍ?

የጭነት ቁጥር፣ የእንስሳት ዓይነትና ብዛት፣ መነሻና መድረሻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር። በኢትዮጵያ በኩል 1/11/2017 ተብሎ የተጻፈ ወረቀት በርበራ ላይ ሲነበብ የስምንት ዓመት አሮጌ ሊመስል ይችላል። ትክክለኛው ቀን ግን ሐምሌ 1 ቀን 2017፣ ማለትም ጁላይ 8 ቀን 2025 ነው። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ጥርጣሬውን ያስቀራል። ለምሳሌ፦

*ጭነት 014 – በግ 500 – ቶጎ ጫሌ–በርበራ – ሐምሌ 1 ቀን 2017 / ጁላይ 8 ቀን 2025*

ቅጂው የት ይቀመጥ?

የሐርጌሳው ዋሂን ገበያ ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት በእሳት ወድሟል። ጥሩ ካርቶን ከእሳት አያድንም። አንድ ቅጂ ቢሮ፣ ሌላው ቤት ወይም ጅግጅጋ ካለው ሸሪክ ዘንድ ይቀመጥ። የስልክ ፎቶም ይጨመርበት።

የፋይሉ ጥሩነት የሚፈተነው ነጋዴው በሌለበት ቀን ነው። ልጁ ወይም ጸሐፊው ቁጥሩ ተነግሮት የጤና ምስክሩን በሁለት ደቂቃ ካወጣ፣ ፋይሉ ሥራውን ሠርቷል።