ጥይት ሲከሽፍ

ምላጩ ተሳበ፤ «ቀጭ» አለ፤ ሽጉጡ ግን አልተኮሰም። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ አፈሙዙን ወደ ፊቱ አዙሮ «ምን ነካው?» ብሎ ያያል፣ ወይ በንዴት ደጋግሞ ይስባል። ሁለቱም ያስገድላሉ። ዛሬ የምናነበው ጥይት ለምን እንደሚከሽፍና ሲከሽፍ ምን እንደሚደረግ ነው።

ለምን እዚህ ገለጉ ላይ ይህን እናጠናለን? አገሩ ቆላና ጠረፍ ነው፤ መሣሪያ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ከአባት ለልጅ የተላለፈ ያረጀ ሽጉጥ የያዘም አይጠፋም። ደግሞም ቋራ የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን እጅ በላከችላቸው ሽጉጥ እንደሆነ በታሪክ ተጽፏል። በዚያ ዘመን በአገራችን የነበረው አብዛኛው ጠመንጃ ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ በኩል ይጎርስ ነበር። ባሩዱ እርጥበት ካገኘው አለቀ፣ አይነሣም። የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው፣ አባቶቻችን ስናድር ያሉት ጠመንጃ ግን ባሩድ፣ አረርና መለኮሻ በአንድ ቀለህ የታሸጉበትን ጥይት ከኋላ ይጎርስ ነበር። የዛሬው ጥይትም አሠራሩ እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንምጣ። የምንናገረው ሪቮልቨር ስለሚባለው ነው። ጥይቶቹ የሚቀመጡበት ክብ ብረት ይሽከረከራል፤ እኛ ከበሮ እንበለው። በብዙዎቹ ከበሮ ስድስት ጥይት ይገባል፤ ሩሲያ በ1895 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለጦሯ የመረጠችው ናጋንት ግን ሰባት ይጎርሳል። ምላጩ ሲሳብ ከበሮው በአንድ ጥይት ቦታ ልክ ይዞራል፣ መዶሻውም ወደ ኋላ ይነሣል። ከዚያ ሞላው መዶሻውን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ መርፌው በጥይቱ ቂጥ መካከል ያለችውን ትንሽ ቆብ ይመታል። በቆቧ ውስጥ ሲመታ የሚቀጣጠል ቅመም አለ። ቅመሙ ባሩዱን ይለኩሳል፤ የባሩዱ ጋዝ አረሩን ይገፋዋል። ከነዚህ አንዱ ከሰነፈ ጥይቱ ከሸፈ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የዘገየ ጥይት ነው። ቆቧ ተመትታ እሳቱ ቀስ ብሎ ሲይዝ፣ ጥይቱ ከሸፈ ከተባለ በኋላ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ አፈሙዙ ሰው፣ ከብትና ቤት ወደሌለበት አቅጣጫ እንደዞረ ይቆይ፤ ጣት ከምላጩ ይውጣ፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ። ሰዓት የሌለው ረጋ ብሎ እስከ መቶ ይቁጠር። ይህ ለጠመንጃም ያገለግላል። የሪቮልቨር አደጋ ግን ሌላም አለበት። ምላጩ ድጋሚ ከተሳበ ከበሮው ስለሚዞር፣ የዘገየው ጥይት ከቱቦው ትይዩ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ቢፈነዳ አረሩ በየት ይውጣ? ብረት ይሰባብራል፣ ጣት ይቆርጣል። ድምፁ «ጠሽ» ብሎ የደከመ እንደሆነም አረሩ ቱቦው ውስጥ ተወትፎ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሌላ ጥይት ከኋላው ቢተኮስ ቱቦው ይፈነዳል።

ደቂቃው አልፎ ጥይቱ ሲወጣ ቂጡን እንመልከት። ፊደል የቆጠረ ሰው ይህንንም ማንበብ አያቅተውም። መርፌው ቆቧን መካከሏ ላይ በደንብ አጎድጉዷት ከሆነ ሽጉጡ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። አርጅቷል፣ ወይም እርጥበት ወይም ዘይት ገብቶበታል። ምልክቱ ትንሽ ጭረት ብቻ ከሆነ ምቱ ደክሟል ማለት ነው፤ ሞላው ላልቷል፣ መርፌው ተበልቷል፣ ወይም መዶሻው በቆሻሻ ተይዟል። ምልክቱ ወደ ጎን ከሄደ ከበሮው ቦታው ላይ አልቆመም። ጭራሽ ምልክት ከሌለ መርፌው ሳይሰበር አይቀርም።

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የምንጠረጥረው ቆሻሻውን ነው። በበጋ የዋልካው አቧራ፣ በክረምት እርጥበቱ፣ ወገብ ላይ ደግሞ ላቡ አለ። ሽጉጥ በሞራ ወይም በኑግ ዘይት ቢቀባ፣ ቅባቱ ሲሰነብት ይወፍርና ከአቧራው ጋር እንደ ሙጫ ይሆናል። የመሣሪያ ዘይት በስሱ ተቀብቶ በጨርቅ ይጠረግ፤ ጥይቱ ግን ዘይት አይንካው። የድሮ ጥይት ሲተኮስ ከቆቧ ቅመም የሚቀረው ጨው እርጥበት ይስባል፣ ቱቦውንም ያዝጋል። ጨውን ዘይት አያወጣውም። ባዶነቱ የተረጋገጠ ሽጉጥ ቱቦው በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ በደንብ ደርቆ ከዚያ ዘይት ይቀባ። ጥይት ክዳኑ ግጥም በሚል ደረቅ ጣሳ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ።

ሞላና መርፌ መለወጥ ግን የቤት ሥራ አይደለም። ሞላውን አጥፎ ማጠንከር፣ መርፌውን በሞረድ ማሾል የሚሉ ብልሃቶች አሉ፤ እኛ አንመክርም። መርፌ ከልክ በላይ ከሾለ ቆቧን ይበሳትና እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። መሣሪያ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይደነግጋል፤ ጥገናውም ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይሰጥ።

የከሸፈውስ ጥይት የት ይጣላል? እሳት ውስጥ አይደለም፣ ጉድፍ ላይም አይደለም። ጉድፍ ላይ የተጣለውን ልጆች ያገኙታል፤ በድንጋይ ሲቀጠቅጡት የመርፌውን ሥራ ድንጋዩ ይሠራል። በጉጠት ነቅሎ ባሩዱን ለማውጣት መሞከርም ያው ነው። ለብቻው በጣሳ ተለይቶ በአቅራቢያ ላለ ፖሊስ ይሰጥ።