ጥንብ አንሳ

በዋግ ከብት ሲሞት ጥንብ አንሳ ከገደሉ ይወርዳል። እኛ ተማሪዎች መጀመሪያ ስናየው ተጸይፈነው ነበር። ግን ጥንቡን ማን ያነሳልን ኖሯል?

ይህ ገደል ላይ የሚያድረው አሞራ በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ አይጥልም። አንድ ጊዜ ካለቀ ቶሎ አይተካም። በ2008 ዓ.ም. ከዓለም ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት አዕዋፍ ጋር ተመዘገበ።

ምን ፈጀው? አንዱ መርዝ ነው። ጅብ በግ ሲበላብን ጥንብ ላይ መርዝ እንነሰንሳለን። ጅቡ አንድ ቢሞት ነው፤ አሞራው ግን በመንጋ ነው የሚበላው። በአንድ ጥንብ ስንቱ ይረግፋል!

በህንድ አገር ለታመመ ከብት የሚሰጥ መድኃኒት አሞራውን ጨረሰው። ጥንቡ ለውሻ ተረፈ፤ ውሻውም በዛ። መድኃኒቱን በ1998 ዓ.ም. ከለከሉት።

ለጅቡ የበረቱን አጥር በእሾህ እናጥብቅ።