ያገለገለ ላፕቶፕ ከመግዛታችን በፊት፦ ሥርዓተ ክወናው የሚሰጠን ምስክርነት

አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት አቅማቸው የማይፈቅድላቸው በርካታ ተማሪዎች ያገለገለ ፍለጋ ወደ መርካቶ ይወርዳሉ። በሲኒማ ራስ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ ገብተው ዕቃው ሲቀርብላቸው የሚያዩት የተወለወለ ክዳኑንና ከቁልፎቹ በታች የተለጠፈውን ምልክት ነው። ስለ ውስጡ የሚሰሙት ደግሞ ሻጩ የሚነግራቸውን ብቻ ነው። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣ በመሆኑ ሻጩ ራሱ እውነቱን ላያውቅ ይችላል። በወላጆች ቁጠባ ለሚገዛ ዕቃ ይህ አስተማማኝ መረጃ አይደለም።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ዕድሜዋን ከባለቤቷ አንደበት ሳይሆን አፏን ከፍተው ከጥርሷ ይረዱ ነበር። ላፕቶፕም እንዲሁ ይመረመራል። ለዚህ የሚያስፈልገን ሌላ መሣሪያ የለም፤ ብዙ ተጠቃሚዎች ከፍተዋቸው የማያውቁት የዊንዶውስ አቋራጭ ቁልፎችና ትእዛዞች በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሥራውን ይጨርሱልናል።

መረጃው ከየት ይገኛል?

ኮምፒውተር ሲበራ ሥርዓተ ክወናው የሚያስተዳድራቸውን ክፍሎች ማወቅ አለበት። ስለዚህም ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩንና ባትሪውን ማንነታቸውንና መጠናቸውን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ክፍል በውስጡ በተጻፈ አነስተኛ ፕሮግራም አማካይነት መልስ ይሰጣል። ሥርዓተ ክወናው ያንን መልስ መዝግቦ ይይዛል፤ እኛ የምናደርገው መዝገቡን መክፈት ብቻ ነው። በሚከተሉት ተራ ቁጥሮች የትእዛዞቹን ፊደሎች በየስማቸው ዘርዝረናል፤ በኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ሳይነጣጠሉ መጻፍ አለባቸው።

ከሻጩ ፊት የሚደረጉ አምስት ምርመራዎች

1. ራምና ዲስክ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድ ጊዜ እንጫን። ታስክ ማናጀር ሲከፈት «ፐርፎርማንስ» ወደሚለው ክፍል እንሂድ። የራሙ መጠንና ስንት ማስገቢያዎች እንደተያዙ በዚያ ይታያል። አንድ ማስገቢያ ባዶ ከሆነ ወደፊት ራም ለመጨመር ዕድል አለን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ ዕትሞች ዲስኩ ኤስ.ኤስ.ዲ. ይሁን ወይስ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ በዚያው ገጽ ተጽፎ እናገኛለን።

2. ፕሮሰሰር። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ስንጫን ትእዛዝ የሚጻፍባት አነስተኛ መስኮት ትከፈታለች። በዚያች ላይ ኤም፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኦ፣ 3፣ 2 ብለን እንጻፍ። የኮምፒውተሩ ሞዴልና የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይወጣል። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዘንድ «አይ5» የሚለው ስያሜ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዋናው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ አይ5-6300 የ6ኛው ትውልድ ሲሆን አይ5-8250 የ8ኛው ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ምልክት ተለጥፎባቸው በአንድ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ።

3. የዊንዶውሱ ዕትም። በዚያችው መስኮት ደብሊው፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር ብለን ስንጽፍ የተጫነው ዕትም ይታያል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ይህን መስፈርት በዘዴ አልፈው የሚጭኑ ስላሉ «ዊንዶውስ 11 አለው» የሚለው ቃል ብቻውን አያጠግብም። ቲ፣ ፒ፣ ኤም፣ ነጥብ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ ብለን ብንጽፍ የደኅንነት ክፍሉ መኖሩንና ዕትሙን እናያለን። መስፈርቱን የማያሟላ ማሽን የግድ አይጣልም፤ ሊኑክስ ሊጫንበት ይችላል፤ ዋጋው ግን ይህንኑ ማንጸባረቅ አለበት።

4. ባትሪ። በትእዛዝ መጻፊያዋ መስኮት ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለን ጥቁሩን ገጽ እንክፈት። በላዩ ፒ፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ብለን፣ አንድ ክፍት ቦታ ትተን፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለውን ስላሽ አስከትለን፣ «ባተሪ» እና «ሪፖርት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጋጥመን እንጻፍ። ኮምፒውተሩ ሪፖርቱን አዘጋጅቶ ያስቀመጠበትን ቦታ ይነግረናል። በሪፖርቱ ውስጥ ሁለት ቁጥሮችን እናነጻጽር፤ አንደኛው ባትሪው ሲሠራ የታቀደለት አቅም፣ ሁለተኛው ዛሬ ሙሉ ሲሞላ የሚይዘው ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 31,000 ሚሊዋት ሰዓት ቢሆን የቀረው አቅም 62 በመቶ ነው። አዲስ ሳለ 5 ሰዓት ያሠራ የነበረ ባትሪ ዛሬ 3 ሰዓት ያህል ብቻ ያሠራል ማለት ነው።

የዚህ መዳከም ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ የሊቲየም አየኖች በሁለት ዋልታዎች መካከል ይመላለሳሉ። ባትሪው በተሞላ ቁጥር በግራፋይቱ ዋልታ ላይ የሚገኘው ስስ ሽፋን በጥቂቱ ይወፍራል፤ በሽፋኑ ውስጥ የተያዘው ሊቲየም ዳግመኛ ለሥራ አይመለስም። ሙቀት ይህን ሂደት ያፋጥነዋል። ክዳኑን በመወልወል የሚታደስ ነገር አይደለም።

5. ከዊንዶውስ ውጭ ያለው ምስክር። ዊንዶውስ የሚያሳየው የፕሮሰሰር ስም ሬጅስትሪ ከተባለው መዝገብ የሚነበብ በመሆኑ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን አጥፍተን ስናበራ ባዮስ ወደተባለው ገጽ እንግባ፤ በዴል ኤፍ2ን፣ በኤች.ፒ. ኤፍ10ን በመጫን ይገኛል። በዚያ የተጻፈው ከቀደመው ጋር መስማማት አለበት። ገጹ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከሆነም ሳንከፍል ማወቁ ይሻላል።

የተነገረና የተለካ

ከእነዚህ ምርመራዎች የምንማረው አንድ የሳይንስ ቁም ነገር አለ፤ ሥርዓተ ክወናው የሚያሳየን ክፍሎቹ ስለራሳቸው የተናገሩትን እንጂ ሁልጊዜ የተለካውን አይደለም። ፍላሽ ዲስክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዊንዶውስ «ይህን ያህል ጊጋባይት» ብሎ የሚያሳየው ፍላሹን የሚቆጣጠረው ቺፕ የሰጠውን ቁጥር ነው። በሐሰተኛ ፍላሾች ላይ ያ ቺፕ ከእውነተኛው የበለጠ መጠን እንዲናገር ተደርጓል። ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ፋይል በስም ዝርዝሩ ውስጥ ይታያል፤ ይዘቱ ግን ጠፍቷል። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚያ ያስቀመጠ ተማሪ ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ፍቱን መድኃኒቱ መለካት ነው፤ ፍላሹን እስኪሞላ ጽፎ የተጻፈውን መልሶ የሚያነብና የሚያመሳክር ፕሮግራም መጠቀም።

በሌላ በኩል ልዩነት ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። 32 ጊጋባይት የተባለ ፍላሽ በዊንዶውስ 29.8 ሆኖ ቢታይ ትክክል ነው። አምራቾች አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት አድርገው ሲቆጥሩ ዊንዶውስ ግን 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ይቆጥራል። 32 ቢሊዮንን ለዚህ ቁጥር ብናካፍል 29.8 እናገኛለን። በዚሁ ስሌት የ500 ጊጋባይት ዲስክ 465 ያህል ሆኖ ይታያል።

ሽያጩ ካለቀ በኋላ ደግሞ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» በሚለው የዊንዶውስ መቼት የቀድሞውን ባለቤት ፕሮግራሞችና ፋይሎች ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ይገባል። ማን ምን እንደጫነበት በማናውቀው ማሽን ላይ የራሳችንን የይለፍ ቃል መጻፍ አያስፈልግምና።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ በገበያ ላይ ዋጋ ከመከራከር በፊት ዕቃውን ማወቅ ይቀድማል። ባትሪው 62 በመቶ እንደሆነ በቁጥር የሚያሳይ ገዢ ለሚያቀርበው ዋጋ ምክንያት አለው፤ ሐቀኛ ሻጭም በተመረመረ ዕቃ ላይ ለመነጋገር አይቸገርም።